የታጠቡት ሸክላዎች

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ጋሽ ጆሮ ውሃ ሊጠጡ ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ ሃያ ሁለት የሙዚቃ ሸክላዎቻቸው ከሳህንና ከድስት ክዳን ጋር ተሰልፈው ውሃ ሲያንጠባጥቡ አገኟቸው። ግማሾቹ በሳህን መደርደሪያው ሽቦዎች መሀል ቆመዋል፤ የቀሩት ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈ ፎጣ ላይ ተጋድመዋል። ምራታቸው እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ የመጨረሻውን ሸክላ በለስላሳ ጨርቅ፣ የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው ቀስ እያለች ታደርቃለች። ስታያቸው ፊቷ በራ። በዚህ ቤት በኖረችባቸው ስድስት ዓመታት ለአማቷ ያደረገችው ነገር ሁሉ "እግዜር ይስጥልኝ" ከምትል አጭር ቃል በላይ አስገኝቶላት አያውቅም፤ ዛሬ ግን ትልቅ ነገር እንደሠራች እርግጠኛ ነበረች።

"አቧራ ገብቶባቸዋል እያሉ ሲያማርሩ ሰምቼ ነው፣ አባባ። ሳይነሱ ልጨርስልዎ ብዬ ማልጄ ተነሳሁ። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ሳሙናውም የሕፃን ሳሙና ነው።"

ጋሽ ጆሮ ወደ መደርደሪያው ጠጋ አሉ። ዓይናቸው ያረፈው በሸክላዎቹ እምብርት ላይ ነው። በያንዳንዱ መሀል ተለጥፎ የነበረው ክብ ወረቀት የለም። ወረቀቶቹ በዕቃ ማጠቢያው ጎድጓዳ ውስጥ ተኮማትረው ተከምረዋል፤ የተጻፉበት ሰማያዊ ቀለም ለቅቆ ውሃውን አቅልሞታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የዚያን ቀን ጠዋት ወረቀቱ ለቀቀ፤ ሞኙ ግን የያዘውን እንደያዘ ነበር፤ ሞኙ ማን እንደሆነም ወደ ኋላ ይታያል። ሽማግሌው "ደግ አደረግሽ" አሉና ውሃውን ሳይጠጡ ተመለሱ።

በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሦስት መቶ ያህል ሌላ ሸክላ አለ። እነዚያ ከሱቅ የተገዙ፣ ስማቸው በፋብሪካ የታተመ ናቸው፤ ቢሰበሩም ዓለም ላይ የሆነ ቦታ ወንድም እህት አላቸው። ሃያ ሁለቱ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ለእናቱ ናቸው። ከአርባ ምናምን ዓመት በፊት፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት በነበረው ሆቴል አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጃዝ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ድምፅ ቀጂው የሚባል ጓደኛቸው መድረኩ ሥር አንዲት መቅረጫ ማሽን ይተክልና ሙዚቃው እየተጫወተ እዚያው በዚያው ሸክላ ላይ ይቀርጸው ነበር። ለአንድ ቅዳሜ አንድ ሸክላ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ጨዋታው ሲያልቅ ቀጂው ክብ ወረቀት ቆርጦ በሙጫ ይለጥፍና በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ አራት መስመር ይጽፍበታል፤ ቀኑን፣ የዜማውን ስም፣ የተጫዋቾቹን ስም፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ "ሰሚ፦ ጆሮ" ብሎ ይዘጋዋል። ነገሩ በቀልድ ነበር የተጀመረው። ውል ያለ ምስክር አይጸናም፣ ሙዚቃም ያለ ሰሚ አይጸናም ይል ነበር ቀጂው። ሲሞት ሸክላዎቹን ለእሳቸው ተወላቸው። አዳራሹ የቤት ዕቃ መጋዘን ከሆነ ቆይቷል፤ ተጫዋቾቹም አንድ በአንድ አልፈዋል። በየትኛው ሸክላ ላይ ማን እንደሚጫወት የሚያውቅ ሰው ከእሳቸው በቀር አልቀረም። ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ያምኑ ነበር።

ጆሮ የሚለው ስም የወጣላቸው ግን በአዳራሹ ሳይሆን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበሩ። ስልሳ ማሽን በአንድ ላይ በሚጮህበት፣ ሰው ከሰው በእጅ ምልክት በሚነጋገርበት ክፍል በር ላይ ይቆሙና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው "አርባ ሁለት ቁጥር፣ የግራ ክንዱ ላልቷል" ይላሉ፤ ሄደው ሲያዩት በእርግጥም ላልቷል። "ይሄ ሰውዬ ሁለመናው ጆሮ ነው" አለ የክፍሉ ኃላፊ አንድ ቀን፤ ስሙ በዚያው ጸና፣ ዕድሜ ሲገፋ "ጋሽ" ተጨመረበት። ጃዝን የወደዱትም በዚሁ በሽታቸው ነው። ከሥራ ወጥተው በሆቴሉ መስኮት ሥር ሲያልፉ ድራሙ ልክ እንደ ማሽኖቹ ሲያወራ ሰሙ። ልዩነቱ ማሽኑ ሳይሳሳት ይደጋግመዋል፣ ሰውዬው ግን ሆን ብሎ ትንሽ ይዘገያል። ያቺ መዘግየት ልባቸውን ይዛው ሄደች። በሳምንቱ፣ ማጫወቻ እንኳ ሳይኖራቸው፣ በአራት ቀን ደሞዝ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገዙ። ለአምስት ወር ያህል በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ሻጩ ሱቅ እየወሰዱ "እባክህ አንዴ ብቻ አሰማኝ" ይሉት ነበር። ነፍሷን ይማረውና ባለቤታቸው "ኮርቻ ገዝቶ ፈረስ የሚፈልግ ባል ደረሰኝ" እያለች ለጎረቤት ስታወራ ትስቅባቸው ነበር። ስቃ ስታበቃ ግን ማጫወቻውን በቁጠባዋ የገዛችላቸው እሷው ነች።

ታዲያ ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓለም ከላይ ከላይዋ ትሸራረፍባቸው ጀመር። መጀመሪያ የጠፋው የማንቆርቆሪያው ፉጨት ነው። ቀጥሎ የበሩ ደወል ጠፋ፣ ቀጥሎ የድራሙ ሲምባል። ክላርኔቱ ከመሀል ወደ ላይ ሲወጣ ደረጃ ላይ እንደተሰወረ ሰው ይሆንባቸው ጀመር። በመጨረሻ ትራምፔቱ ሄደ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያበሏቸው ማሽኖች ዋጋቸውን ቆይተው ጠየቁ ማለት ነው። ጆሮ የተባለ ሰው ደንቁሬያለሁ ብሎ እንዴት ይናገር? በሰብሳቢዎች ዘንድ "ጆሮ ነው ካለ፣ ነው" የሚባልለት ሰው፣ የማይታወቅ ሸክላ ይዘው ከሌላ ከተማ ድረስ መጥተው "ማን ነው የሚጫወተው?" ብለው የሚጠይቁት ሰው! ስለዚህ ልጃቸው አንድ ቀን "አባባ፣ ድምፁ አልበዛም?" ሲላቸው "እኔ ምን ላድርግ፣ ሸክላዎቹ አቧራ ገብቶባቸው ታፍነዋል" አሉት። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ውሸቱ ተመቻቸው፤ በየሳምንቱ ይደግሙት ጀመር። ምራታቸው የሰማችው እሱን ነው። ሊቆጧት ያልቻሉትም ለዚህ ነው፤ ሸክላዎቹን ያጠበው የእሷ እጅ ቢሆንም ያሳጠበው የእሳቸው አፍ ነው።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ቀን አልነበረም። በዘጠኝ ሰዓት እንግዳ ይመጣል። በአዳራሹ ዘመን ጉንጮ የሚሉት ትራምፔት ነፊ ነበር፤ ሲነፋ ጉንጮቹ እንደ ዳቦ ስለሚነፉ። አንዲት ሴት ልጅ ወልዶ ስምንት ወር ሳይሞላት በመኪና አደጋ ሞተ። ያቺ ልጅ አሁን አርባ ዓመት አልፏታል፤ በሌላ ከተማ የሆስፒታል ልብስ ትሰፋለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ደውላ "አባቴ የተጫወተበት ሸክላ እርስዎ ቤት አለ አሉኝ፤ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም" ብላ ነበር፤ ስልኩን ያነሳችው ምራታቸው ናት። ጋሽ ጆሮም "ትምጣ፣ ትምጣ" ብለው ነበር፣ ደስ እያላቸው። ችግሩ ጉንጮ ከሃያ ሁለቱ በአንዱ ላይ ብቻ መኖሩ ነው። የአዳራሹ ቋሚ ትራምፔት ነፊ ቀጭኑ የሚባለው ነበር፤ ጉንጮ በቀጂው ማሽን ፊት የቆመው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው። ሸክላዎቹ የሚቀመጡበት ኤንቨሎፕ ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ቡናማ ወረቀት ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም።

ቁርስ ላይ ሦስቱ ተቀመጡ። ልጃቸው ሊፍት ይጠግናል፤ ቅዳሜም ተረኛ ስለነበር የሥራ ሱሪውን እንደለበሰ ዳቦውን በሻይ እየነከረ ቶሎ ቶሎ ይበላል። "ታጠቡልህ አይደል አባባ? በቃ፣ አሁን ጥርት ብለው ይሰሙሃል" አለ አፉ እንደሞላ። "ጥርት ብለው" አሉ ጋሽ ጆሮ። ከዚያ በኋላ የማንኪያና የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ለእሳቸው እሱም አልነበረም። ምራታቸው የጨው ዕቃውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች፤ መልሰው ገፉት። ባልና ሚስቱ ተያዩ። ልጃቸው ሚስቱን በዓይኑ "ምን ሆነ?" ሲላት እሷ ትከሻዋን ሰበቀች። ይህን ሁሉ ሽማግሌው አይተዋል፤ ጆሮ ሲደክም ዓይን ይነቃል።

ልጃቸው ከወጣ በኋላ የሳሎኑን በር ዘግተው እስከ ሰባት ሰዓት ሠሩ። ሥራ ነው መባል ያለበት። መጀመሪያ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዘነበሉ አዩ፤ ሙዚቃው በሚበረታበት ቦታ መስመሩ ይነጣል፣ በሚያርፍበት ይጠቁራል። ይህን ያስተማራቸው ቀጂው ነው። ቀጥለው እያንዳንዱን ማጫወቻው ላይ አድርገው መዳፋቸውን በድምፅ ማጉያው ሳጥን ላይ ጭነው፣ የታመመ ማሽን እንደሚመረምሩ መረመሩ። ባሱ በመዳፋቸው ገባ። የአዳራሹ ባስ መቺዎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ አውታሩን ይጎትታል፣ ሌላው ይነክሰዋል። ለዩዋቸው። ፒያኖ የበዛባቸውን፣ ሳክስፎን ብቻ ያለባቸውን ወደ ግራ አደረጉ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ሃያው በግራ ተከምሮ ሁለት ብቻ በቀኝ ቀሩ። በሁለቱም ላይ ጎታቹ ባስ መቺ አለ፣ በሁለቱም ላይ ትራምፔት አለ። አንዱ ጉንጮ ነው፣ አንዱ ቀጭኑ። ትራምፔቱ ሲገባ ግን ሁለቱም ላይ ያው ነው፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከግድግዳ ጀርባ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ድምፁን ጨመሩት። አሁንም ጨመሩት። ምንም የለም።

የዚያን ቅዳሜ ነገር ሁሉ ያስታውሳሉ። ዝናብ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ከአሥራ አራት ሰው አይበልጥም። ከምሰሶው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛቸው ተቀምጠው፣ አንዲት ሻይ አዝዘው እንዳታልቅባቸው በትንሽ በትንሹ ይጠጣሉ። ጉንጮ ካፖርቱ በስብሶ ገባ፣ ካፖርቱን በፒያኖው ጥግ ሰቀለ፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ ሰው ሳቀ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ነበረች፤ አዲስ ጫማዋ ስላሰቃያት ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ በባዶ እግሯ ወለሉን ትመታ ነበር። የእግሯ ጣቶች፣ የካፖርቱ ጠብታ፣ የሻዩ መቀዝቀዝ፣ ሁሉም አለ። ትራምፔቱ ግን የለም። ድምፁን የሚያስታውሱት ከሸክላው ነበርና፣ ሸክላው ዝም ሲል ትዝታውም አብሮት ዝም አለ። ጋሽ ጆሮ እዚያው ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ማንም በሌለበት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ አንዱን አነሱ። እጃቸው መጀመሪያ ያገኘውን ነው። "ሰምታው የማታውቀውን ነገር በምን ትለየዋለች?" አሉ ለራሳቸው፤ ይህን ሲሉ ደግሞ ፊታቸው ጋለ።

እንግዳዋ በዘጠኝ ሰዓት ሳታዛንፍ መጣች። ግራጫ ሹራብ የለበሰች፣ አንድ ከረጢት ብርቱካን የያዘች፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ የምትቀመጥ ሴት ነች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የሦስት መቶውን ሸክላ ግድግዳ ሐኪም ቤት እንደገባ ሰው ፈራ ተባ እያለች አየችው። ከቦርሳዋ የደበዘዘ ፎቶ አወጣች። ጉንጮ ነው፤ ሳይነፋ ጉንጩ ጎድጉዶ ሌላ ሰው ይመስላል። "እናቴ ስለሙዚቃው አታወራም ነበር" አለች፣ ሽማግሌው አንዳንዱን ቃል ከከንፈሯ እያነበቡ። "ከሞተ በኋላ ቤት ውስጥ ሬዲዮ አልተከፈተም። እና፣ ጥሩ ነበር? እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ጥሩ ነበር ወይ?" አሉ ጋሽ ጆሮ። "ልጄ፣ አሥራ አራት ሰው ነበርን፤ ስንወጣ አሥራ አራታችንም ጃንጥላችንን ረስተን ወጣን።"

ይህ እውነት ነው። ቀጥሎ የመጣው አይደለም። ሽማግሌው ተነሱ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ሸክላ ከማጫወታቸው በፊት ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር ነው፤ የአዳራሹን አስተዋዋቂ ድምፅ አስመስለው በወረቀቱ ላይ ያለውን ጮክ ብለው ያነባሉ። ሰው ቢኖርም ባይኖርም አይቀርም። ዛሬ ወረቀት የለም፤ ባዶውን የሸክላ እምብርት እያዩ "ክቡራትና ክቡራን! በዚህ ዝናባማ ቅዳሜ፣ በትራምፔት፣ ጉንጮ!" አሉና መርፌውን አወረዱት። እንግዳዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከጣቶቿ መሀል እየወጣ በሹራቧ እጅጌ ወረደ። ጋሽ ጆሮ ደስ አላቸው፣ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አነሱ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያውቁ "ነው" ብለዋል።

ምራታቸው የሻይ ትሪ ይዛ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አልገባችም። አንዴ የሚሽከረከረውን ሸክላ፣ አንዴ የምታለቅሰውን ሴት፣ አንዴ አማቷን ታያለች። ከዚያ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ መጣችና መርፌውን በሁለት ጣቷ አነሳችው። በስድስት ዓመት ውስጥ ማጫወቻውን ነክታው አታውቅም ነበር።

"እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ወደ እንግዳዋ ዞራ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳጥባቸው ጽሑፋቸውን አጥፍቼ አደባለቅኩባቸው፤ እሳቸው ምን ያድርጉ። ይሄ የአባትዎ አይደለም። ይሄ ቀጭኑ የሚባለው ነው።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?" አሉ ጋሽ ጆሮ፣ ድምፃቸው ካሰቡት በላይ ሻክሮ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ በር ጀርባ ነበርኩ እኮ፣ አባባ። እርስዎ ስሙን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከዚያ ይጫወታል። ሳህን እያጠብኩ፣ ልብስ እየተኮስኩ ሌላ ምን እሠራለሁ? እሰማለሁ።"

"በሩንማ ትዘጊው የለ!"

"የዕቃው ኳኳታ እንዳይረብሽዎ ነዋ።"

ጋሽ ጆሮ ቁጭ አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ በር በተዘጋ ቁጥር ልባቸው ቅር ይለው ነበር፤ ሙዚቃዬን ንቃ ነው፣ ሽማግሌው ደግሞ ጀመረው ብላ ነው እያሉ ለሟች ባለቤታቸው ፎቶ ስሞታ ሲያቀርቡ ኖረዋል። አሁን ይህቺ ልጅ፣ ልታጋልጣቸው ስትችል፣ እሳቸው ባጠፉት ጥፋት እንግዳ ፊት ራሷን ጥፋተኛ አድርጋ ቆማለች። አፈሩ። እንዲህ አፍረው አያውቁም። አንድ ዓመት ሙሉ የተሸከሟት ውሸት አሁን ለመናገር ከምትከብደው በላይ ለመያዝ ከበደቻቸው።

"አይደለም" አሉ ለእንግዳዋ። "እሷ አይደለችም ያጠፋችው። ሸክላዎቹ አቧራ አልነበረባቸውም። እኔ ነኝ የማልሰማው። ትራምፔት ከሰማሁ ዓመት ሆኖኛል። ያስለቀስኩሽም ሳላውቅ ነው፤ ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

እንግዳዋ እንባዋን ጠርጋ ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። ምራታቸው ግን ምንም አልደነቃትም። "እናውቃለን፣ አባባ" አለች ቀስ ብላ፣ ከዚያ እንዳልሰሟት ገብቷት ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ደገመችው። "ልጅዎም ያውቃል። እስኪነግሩን ብለን ነው። ከላያችን ፎቅ ያለችው መምህርት እንኳ ድምፁ ሲበዛ ወለሏን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች፤ እኔ ነኝ ወጣ ብዬ ኬክ ይዤ የምለማመጣት።" ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው። ፎቁ ሁሉ የሚያውቀውን ምስጢር ሲደብቁ ከርመዋል። መሳቅ አማራቸው፣ ማልቀስም አማራቸው፤ ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ አደረጉ።

ምራታቸው ከቀኝ የቀረችውን ሸክላ አነሳች። "የጉንጮ ሲጀምር ከጀርባው ዝናብ ይሰማል" አለች። "ከዚያ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ያስነጥሳል፣ ይሳቃል። መሀል ላይ ደግሞ አንድ ሰውዬ 'ወይኔ!' ብሎ ይጮሃል።"

"ማን ነው እሱ ደግሞ?"

"እርስዎ ነዎታ! ድምፅዎ እስካሁን አልተለወጠም።"

መርፌው ወረደ። ምራታቸው ከወንበራቸው ጎን ተንበርክካ በጆሯቸው ትነግራቸው ጀመር፤ አሁን ዝናቡ፣ አሁን ንጥሻው፣ አሁን ፒያኖው መንገድ ለቀቀለት፣ አሁን ገባ፣ ከታች ነው የጀመረው፣ እየወጣ ነው፣ አሁን ወይኔ አሉ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከእንግዳዋ አልነቀሉም። በዚህኛው አላለቀሰችም። ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ የቤቷን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች እንደምታስብ ሰው ታዳምጣለች። ከዚያ በድንገት ቀና አለች። ከንፈሯ ሞጠሞጠ። ጋሽ ጆሮ ምንም አልሰሙም፤ ግን ሴትዮዋ እያፏጨች ነበር፣ ከሸክላው ጋር እኩል፣ ሰምቼው አላውቅም ያለችውን ዜማ።

"እናቴ ናት!" አለች ስትጨርስ። "ማምሻውን ከጨዋታ ስትጠራኝ የምታፏጭልኝ ይሄን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ልጁን በስም ሲጠራ እኔን በፉጨት ነበር የምትጠራኝ። ከየት አመጣሽው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም!"

"ምን ይላል?" አሉ ጋሽ ጆሮ ወደ ምራታቸው ዞረው። "ንገሪኝ፣ ምን ይላል?"

ምራታቸው በጆሯቸው ልታንጎራጉር ሞከረች፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን ያዘችና በጀርባው ላይ በአንድ ጣቷ መታችላቸው። አራት አጫጭር፣ ከዚያ ትንሽ ቆየት ብላ አምስተኛዋ። ሽማግሌው እጃቸውን አቀረቡላት። "ድገሚው" አሉ። ደገመችው። ያቺ የመጨረሻዋ፣ ሆነ ተብላ የዘገየችው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ተጉዛ እጃቸው ላይ አረፈች። ቀጭኑ ጎበዝ ነበር፣ ግን ችኩል ነበር፤ እንዲህ አድርጎ የሚያስጠብቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የባለቤታቸው ባዶ እግር ያቺን አምስተኛዋን ስትጠብቅ አየር ላይ ቆሞ የቀረው ትዝ አላቸው።

"እሱ ነው" አሉ። "ጉንጮ ነው። አሁን እውነቴን ነው።"

ሦስት ጊዜ አጫወቱት። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ብርቱካኑ ተላጠ። ምራታቸው በሻይ ብርጭቆ አፍ ልክ ክብ ወረቀት ቆረጠች፤ የተዝረከረከ ነገር አትወድም። ጋሽ ጆሮ እየነገሯት ቀኑን ጻፈች፣ የዜማውን ስም ጻፈች፣ የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ጻፈች፤ "ጉንጮ" የሚለውን ግን ብዕሩን ለእንግዳዋ ሰጠቻትና የጉንጮ ልጅ ራሷ ጻፈችው። አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ሽማግሌው ሲያነቡ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች!

"'ሰሚ' ብለሽ ጻፊ።"

ጻፈች። "ጆሮ ልበል?"

"ጆሮ በይ።" ባዶውን መስመር በጣታቸው ነኩ። "የኔ ግን ታጥቧል፤ ይሄ ያንቺ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጆሮ አንቺ ነሽ።"

ምራታቸው እየተሽኮረመመች ጻፈችው፤ እጅ ጽሑፏ እንደ ቀጂው አያምርም፣ ወደ ቀኝ ይጋደማል። ጋሽ ጆሮ ወረቀቱን ተቀብለው ተነሱ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ በአዳራሹ ድምፅ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበቡት። "ሰሚ" ላይ ሲደርሱ ክንዳቸውን ወደ ምራታቸው ዘረጉ፤ እንግዳዋ አጨበጨበች። መርፌው ለአራተኛ ጊዜ ወረደ፤ ድምፁም ማንም ዝቅ ስላላደረገው ጠዋት እንደተተወው ነበር። የወጥ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ምራታቸው ድንገት ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጋሽ ጆሮም ያየችውን አዩ፤ አምፖሉ በገመዱ ላይ እየተወዛወዘ ነበር።

"መምህርቷ ናት?" አሉ። "ምን ትላለች?"

ምራታቸው ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

"ድገሙት እያለች ነው፣ አባባ።"